በአንድ ትሮፖኒን አትፍረዱ! (ለኩላሊት ታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው)

 

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ፎቶዎች መካከል ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም አንድ ዓይነት አለ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ክሬያቲኒን ከፍ ብሏል፣ ሄሞግሎቢን ወርዷል፣ ከሥር ደግሞ «ትሮፖኒን፦ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «ዶክተር፣ አባቴ ኩላሊቱ ደክሟል ተብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ልቡም ነው አሉን። እውነት ሀርት አታክ ነው?»

ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ትሮፖኒን «ሀርት አታክ ነው» ለማለት አይበቃም። «የኩላሊቱ ነው፣ ተዉት» ለማለትም አይበቃም። ሁለቱም የችኮላ ፍርዶች ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እዚህ ግን የፈሰሰው የማይለቀምበት ጊዜ አለ።

ለምን መካነ ሰላምን አነሳለሁ?

ይህን ገጽ የምታነቡ ብዙዎቻችሁ የከተማ ነዋሪዎች ናችሁ። እናት አባታችሁ ግን ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ሳይንት ወይም ለጋምቦ ሊሆኑ ይችላሉ። አባት ሲታመም ስልኩ የሚደወለው ለእናንተ ነው። «ደሴ ውሰዱት ተብሏል፣ ምን ይሻላል?» ተብሎ የሚጠየቀው አዲስ አበባ ያለው ልጅ ነው፤ ብሩን የሚልከውም እሱ ነው።

መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ደሴ ደርሶ «አዲስ አበባ ሂዱ» ከተባለ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨመርበታል። የተዘጋ የልብ ደም ሥር በካቴተር የሚከፈትባቸው ማዕከላት በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለመካነ ሰላም ሰው አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ማለት ምናልባት በሬ መሸጥ፣ ብድር መግባት፣ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በአቀስታ ብርድ መኪና ላይ ማሳደር ማለት ነው።

ደሴም ብትሆን ሁልጊዜ ክፍት ናት ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ሲቋረጥ አይተናል። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ምርመራ በትክክል መነበቡ የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትና የቤተሰብ ጥሪት ጉዳይ ነው።

ትሮፖኒን ምንድን ነው?

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ልብ እንዲኮማተርና እንዲላላ ከሚያደርጉት አንዱ ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ለምርመራ የምንጠቀምባቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ፦ ትሮፖኒን ቲ እና ትሮፖኒን አይ።

ሀርት አታክ ማለት ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ተዘግቶ ወይም ጠቦ፣ ጡንቻው ኦክስጅን አጥቶ ሲሞት ነው። ያኔ ትሮፖኒን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፣ ከፍታው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ልብ በሉ፦ ትሮፖኒን «ልብ ተጎድቷል» ይላል እንጂ «በምን ተጎዳ» የሚለውን አይናገርም። ጭስ ማየት እንደማለት ነው። ጭስ ካለ የሆነ ነገር እየነደደ ነው፤ ቤቱ ይሁን ምድጃው ግን ገብቶ ማየት ይጠይቃል።

ኩላሊት ሲደክም ለምን ከፍ ይላል?

ብዙ ሰው «ኩላሊቱ ስለማያጣራው ነው የተጠራቀመው» ይላል። ይህ የእውነቱ ግማሽ ነው። ኩላሊት በማጣራቱ ድርሻ አለው፤ ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ልቡ በየቀኑ ጫና ላይ ነው፦

• ደም ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ስለሚል የግራው የልብ ክፍል ጡንቻ ይወፍራል።
• ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያደርገውን ሆርሞን መሥራት ሲያቅተው ደም ማነስ ይመጣል፤ ልብ ያንን ለማካካስ አብዝቶ ይሠራል።
• ያልወጣ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ልብን ይወጥረዋል።
• ካልሲየምና ፎስፌት ሲዛቡ የደም ሥሮች እየደደሩ ይሄዳሉ።
• በእጥበት ጊዜ ብዙ ፈሳሽ በአጭር ሰዓት ሲወጣ ግፊት ይወርድና ልብ ለጊዜው ደም ያጥረዋል።

እነዚህ ሁሉ የልብ ጡንቻን ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ትሮፖኒኑም በትንሽ በትንሹ እየወጣ፣ ሰውየው ምንም ሳያመው፣ ወራትና ዓመታት ከፍ እንዳለ ሊኖር ይችላል።

«የውሸት ፖዘቲቭ» የሚለውን አባባል አልወደውም

አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ከፍታ «የውሸት ፖዘቲቭ» ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን በቁጥር ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ኩላሊታቸው የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰ 733 ሰዎችን ተከታትሏል። ከእነዚህ ውስጥ 82 በመቶዎቹ ትሮፖኒን ቲ ከጤነኛ ሰው መጠን በላይ ነበራቸው። ሀርት አታክ ይዟቸው አልነበረም። እስከዚህ ድረስ «አያችሁ፣ የኩላሊቱ ነው» ያሰኛል።

ግን የቀረውን ስሙ። ትሮፖኒን ቲያቸው ዝቅተኛ ከነበሩት ውስጥ በሁለት ዓመት የሞቱት 8.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በጣም ከፍተኛ ከነበሩት ውስጥ ደግሞ 47 በመቶ ሞተዋል። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ቀረው! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ ምርመራ በመጨረሻ ደረጃ የኩላሊት ታማሚዎች ላይ የሞት አደጋን ለመገመት እንዲያገለግል ፈቅዷል።

በዚያው 2002 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአጣዳፊ የልብ ህመም የተጠረጠሩ 7,033 ሰዎችን አይቶ፣ ትሮፖኒን ቲ ኩላሊታቸው ጤነኛ በሆኑትም በደከመባቸውም ላይ ቀጣዩን አደጋ እንደሚጠቁም አሳይቷል።

ታዲያ ይህ ምኑ ነው ውሸት? ቁጥሩ እውነቱን ነው የሚናገረው። ልቡ እየተጎዳ ነው፤ ጥያቄው «ዛሬ በድንገት ነው ወይስ ቆይቶ ቆይቶ?» የሚለው ነው።

ድንገተኛውን ከቆየው በምን እንለያለን?

መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ለውጥ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የሀርት አታክ ትርጉም የትሮፖኒንን መውጣት ወይም መውረድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ጋር ደግሞ የህመም ስሜት፣ የኢሲጂ ለውጥ ወይም በኢኮ የሚታይ ማስረጃ መኖር አለበት። መነሻው ከፍ ያለ ሰው ላይ ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ ሲኖር ድንገተኛ ጉዳት መኖሩን ያመለክታል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው። ሁለት አባቶች፣ ሁለቱም ኩላሊታቸው የደከመ፣ ሁለቱም ደረታቸውን ከበዳቸው ብለው መጡ እንበል። የሁለቱም ትሮፖኒን ቲ 62 ናኖግራም በሊትር ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ14 በታች መሆን አለበት። ሁለቱም «ፖዘቲቭ» ናቸው።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ደም ተወሰደ። የመጀመሪያው አባት 64 ሆነ፤ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ይህ የቆየ የልብ ጉዳት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለተኛው 118 ሆነ፤ እጥፍ ሊደርስ ነው። እኚህ ሰው ላይ አሁን የሆነ ነገር አለ፤ የሚባክን ጊዜ የለም።

አያችሁ? በመጀመሪያው ወረቀት ሁለቱ አባቶች አንድ ነበሩ። የለያቸው ሁለተኛው ደም ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦

አንደኛ፣ ኢሲጂ ይቀድማል። ኢሲጂው ግልጽ የሆነ የደም ሥር መዘጋት ካሳየ ሁለተኛ ትሮፖኒን እየጠበቁ መቀመጥ የለም፤ ሕክምናው ይጀመራል። ኢሲጂ ሌላም ጥቅም አለው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል፤ ያን ምልክት ኢሲጂ ቶሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ላይ ፖታሲየም ሳይታይ ስለ ትሮፖኒን ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሰዓቱ ነገር። ከገጠር የመጣ ሰው ህመሙ ከጀመረው አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን አልፎት ሊሆን ይችላል። ያኔ ትሮፖኒኑ ከፍታው ላይ ደርሶ ስለሚረጋ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ሊሆኑ ይችላሉ። «አልተለወጠም፣ ሂድ» ማለት እዚህ ላይ ያሳስታል። ህመሙ መቼ እንደጀመረ በትክክል መናገር የቤተሰብ ድርሻ ነው።

ሦስተኛ፣ መጨመሩ ብቻውንም ሀርት አታክ ነው አያሰኝም። በጣም ከፍ ያለ ግፊት፣ ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ ከባድ ኢንፌክሽን ልብን በድንገት ሊጎዱ ይችላሉ። ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው።

ሁለቱ ስህተቶች ምን ያስከፍላሉ?

«ሀርት አታክ ነው» ብሎ የቸኮለ ሐኪም የደም ማቅጠኛ ያዛል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ በትንሹ ይደማል። እንደ ኢኖክሳፓሪን ያሉ ማቅጠኛዎች ደግሞ የሚወገዱት በኩላሊት ስለሆነ መጠናቸው ካልተስተካከለ ይጠራቀማሉ። ሀርት አታክ ያልያዘው ሰው በጨጓራ ወይም በጭንቅላት ደም መፍሰስ ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ወጪ፣ የቀረው የእጥበት ቀጠሮ አለ።

«የኩላሊቱ ነው» ብሎ የሚያሰናብት ደግሞ እውነተኛውን ሀርት አታክ ወደ ቤት ይልካል። የኩላሊት ታማሚዎች ላይ ሀርት አታክ ብዙ ጊዜ በሚታወቀው መልኩ አይመጣም። ደረቱን ጨምድዶ ይዞ የሚወድቅ ሰው አትጠብቁ። ትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስን መሳት፣ ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ነርቮቹ ስለሚጎዱ ህመሙ ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። እጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን በብዛት የሚገድላቸውም የልብና የደም ሥር ችግር ነው። «የኩላሊቱ ነው» ብሎ ማለፍ ዋናውን ገዳይ ማለፍ ነው።

ቢኤንፒስ?

ሌላው በውጤት ወረቀት ላይ የምታዩት ቢኤንፒ ወይም ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ የሚባለው ነው። ይህ ልብ በፈሳሽ ሲወጠር የሚያመነጨው ነው። ለልብ ድካም ምርመራ ይጠቅማል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቢኤንፒው ከ100፣ ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒው ከ300 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የልብ ድካም የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው።

ኩላሊት ሲደክም ግን ሁለቱም ከፍ ይላሉ፤ በተለይ ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ ከሰውነት ሲወጣ በኩላሊት ላይ ስለሚደገፍ ይብሳል። እጥበት ላይ ያለ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ያን አይታችሁ አትደንግጡ። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ይጠቅማል፤ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ከሰውየው ከራሱ የቀድሞ ቁጥር ጋር መነጻጸር አለበት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ደፍሬ ልበል፦ ለእጥበት ታማሚ ቢኤንፒ ከማሠራት በፊት ሚዛን ላይ አቁሙት። ደረቅ ክብደቱ 58 ኪሎ የነበረ ሰው 62 ሆኖ፣ እግሩ አብጦ፣ ጋደም ሲል ትንፋሹ ከተቆረጠ ችግሩ ፈሳሽ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ብር አያስፈልግም። እጥበት ያስፈልገዋል። ደረጃውን የጠበቀ እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስቴ ነው፤ እኛ ጋር ግን ብዙዎች በአቅም ምክንያት ሁለቴ ነው የሚታጠቡት። አሜሪካ ውስጥ 32,065 የእጥበት ታማሚዎችን ያየ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ከሁለት ቀን ክፍተት በኋላ ባለው ቀን ሞትና በልብ ችግር ሆስፒታል መግባት ከሌሎቹ ቀናት እንደሚበልጥ አሳይቷል። የኛዎቹ ክፍተት ከዚያም ይረዝማል። ልብ የሚወጠረው፣ ፖታሲየም የሚወጣው፣ ትሮፖኒኑም የሚጨምረው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

የኔ ሐሳብ፦ መነሻ ቁጥር ይኑራችሁ

ኩላሊቱ በጣም የደከመ ወይም እጥበት የጀመረ ሰው ሁሉ፣ ደህና በሆነበት ቀን፣ አንድ ኢሲጂ እና አንድ ትሮፖኒን ተሠርቶለት ወረቀቱ ቤት ይቀመጥ እላለሁ። እጥበት ላይ ያለ ከሆነ ደሙ ከእጥበት በፊት ይወሰድ። ፎቶውም በልጆቹ ስልክ ላይ ይኑር። ያኔ ክፉ ቀን ሲመጣ መካነ ሰላም ላይ ያለው ተረኛ ሐኪም ባዶ እጁን አይሆንም። «ባለፈው 60 ነበር፣ ዛሬም 61 ነው» ወይም «ባለፈው 60 ነበር፣ ዛሬ 200 ነው» ማለት ይችላል። መነሻው ካለ የመጀመሪያው ደም ራሱ እንደ ሁለተኛ ይቆጠርለታል ማለት ይቻላል።

በዚህ የማይስማሙ የሙያ አጋሮች እንዳሉ አውቃለሁ። ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። «ህመም በሌለው ሰው ላይ ትሮፖኒን ማሠራት ሕክምናውን አይቀይርም፤ ቁጥሩን ያየ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ብሩ ደግሞ ለእጥበት ይሻላል» ይላሉ። ስለ ብሩ ያሉት ልክ ነው። ከግፊት መድኃኒትና ከትሮፖኒን አንዱን ምረጡ ከተባላችሁ መድኃኒቱን ምረጡ። ከእጥበትና ከትሮፖኒን ከሆነም እጥበቱን። በየወሩ «የልብ ቼክአፕ» እያሉ ማሠራትንም አልደግፍም። አቅም ከጠበበ ኢሲጂው ብቻ ይሠራ፤ እሱም ትልቅ መነሻ ነው።

ግን አንድ ጊዜ የተሠራ መነሻ፣ አንድ አላስፈላጊ የ180 ኪሎ ሜትር ጉዞ ካስቀረ ወጪውን ይመልሳል። አንድ የሚያስፈልግ ጉዞ ካስቸኮለ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ሰው ነው የተረፈው። ድንጋጤውን በተመለከተ፣ ሰው የሚደነግጠው ሳይነገረው ሲቀር ነው። «ይህ ቁጥር የልብህ ሁኔታ መነሻ ነው፣ አብሽር፣ ግፊትህን እንጠብቅ» ተብሎ የተነገረው የወሎ አባት ከብዙዎቻችን ይልቅ ይረጋጋል።

ላቦራቶሪዎችንም ልጠይቅ

እባካችሁ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ጻፉልን፦

1. ዓይነቱ። ቲ ነው ወይስ አይ? በየትኛው መሣሪያ ተሠራ? የአንዱ መሣሪያ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ደሴ የተሠራ አይ እና አዲስ አበባ የተሠራ ቲ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት አይቻልም።

2. መለኪያው። 0.04 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 40 ናኖግራም በሊትር ማለት ነው። መለኪያው ካልተጻፈ ቁጥሩ በሺህ እጥፍ ሊዛባ ይችላል። «ከ0.04 ወደ 40 አሻቀበ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ምንም ያልተለወጠ ውጤት ይዞ ሊሆን ይችላል።

3. ሰዓቱ። ደሙ የተወሰደበት ሰዓት ከሌለ ሁለቱን ቁጥሮች ማነጻጸር ትርጉም ያጣል።

እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር አውጥቶ «ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ» ብቻ የሚለው ፈጣን ምርመራ ጥቅም የለውም አልልም፤ ሌላ በሌለበት ቦታ መነሻ ይሆናል። ግን መስመር ለውጥን አያሳይም። የኩላሊት ታማሚ ላይ ደግሞ የምንፈልገው ለውጥን ነው። ጤና ቢሮዎች ለወረዳ ሆስፒታሎች መሣሪያ ሲገዙ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። ቁጥር የሚያወጣ አንድ መሣሪያና የሚሠራ ኢሲጂ ሪፈር የሚባሉትን ሰዎች በትክክል ለመለየት ያግዛሉ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ኩላሊቱ የደከመ ቤተሰብ ካላችሁ፦

• ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከከበደው፣ ካላበው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ልቡ አለቅጥ ከመታ ምንም ቁጥር ሳትጠብቁ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት። ደሴ ካልሆነ ብላችሁ አትለፉት፤ ኢሲጂውና ፖታሲየሙ በቅርብ ይታይ።
• ህመሙ የጀመረበትን ሰዓትና የመጨረሻውን እጥበት ቀን ጻፉ።
• የቀድሞ ኢሲጂ፣ ትሮፖኒን፣ ክሬያቲኒን ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ከስልካችሁ ላኩ።
• ሐኪሙን በትህትና ጠይቁ፦ «ሁለተኛ ደም ይወሰዳል ወይ? ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር ጨምሯል?» ይህ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው። ሁለተኛውን መጠበቅ ሪፈሩን ያዘገያል ከተባለ ግን አትከራከሩ፤ ሁለተኛው የሚደርሱበት ቦታ ይሠራ፣ የመጀመሪያው ወረቀት አብሮ ይሂድ።
• ሐኪም ሳያዝ የደም ማቅጠኛ አትጀምሩ፤ የታዘዘውንም በራሳችሁ አታቁሙ። ለወገብ ህመም እየተባለ ከየፋርማሲው የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ይቅር፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊት ያወጣል፣ ፈሳሽ ያስቀራል።
• ሀርት አታክ አይደለም ተብሎ ትሮፖኒኑ ግን ከፍ ብሎ ከቀረ «ተረፍን» ብላችሁ አትተዉት። ያ ቁጥር «ልቤን ጠብቁልኝ» እያለ ነው። ግፊቱ፣ ደም ማነሱ፣ ጨውና ፈሳሹ፣ ስኳሩ ይታይ፤ ሲቻል ኢኮ ይሠራ።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከተጀመረ፣ ማለትም ከ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ወዲህ፣ «ኩላሊት ከደከመ አበቃ» የሚለው አስተሳሰብ እየተሸረሸረ ነው። ጥሩ ነው። ግን ንቅለ ተከላውን የሚጠብቅ ሰው እስኪደርስ ድረስ መኖር አለበት። እስከዚያ የሚያኖረው ልቡ ነው። ስለዚህ ስለ ኩላሊት ስናወራ ልብን አብረን እናንሳ፤ ስለ ልብ ምርመራ ስናወራም ኩላሊቱን አንርሳ።

ፎቶ ስትልኩልኝ የታማሚውን ስም ሸፍኑ፤ የተወሰደበትን ሰዓትና መለኪያውን ግን አትሸፍኑብኝ። በስልክ ፎቶ ምርመራ አይደረግም፤ የማያችሁ ሐኪም ያለውን ነው የምትሰሙት። እኔ ጥያቄውን አብራራለሁ እንጂ በሽተኛውን በሩቁ አላክምም።

ኩላሊቱን የሚታመም ዘመድ ላለው ሰው ሁሉ ሼር አድርጉ፤ በተለይ ቤተሰቡ ደቡብ ወሎ ሆኖ እሱ ከተማ ለሚኖር። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ።

ጤና ይብዛላችሁ!